ገብረ ሚካኤል የተባለው አጥቂ

ባለፈው ታኅሣሥ ቡሬ መናኸሪያ ከአውቶቡስ እንደወረድሁ ሦስት ጊዜ አከታትሎ አስነጠሰኝ። አጠገቤ የቆመች የማላውቃት ሴት «ይማርሽ» አለችኝና ሁለታችንም ሳቅን። የሌላ አገር ሰው ሲያስነጥሰው ጉንፋን ይጠረጥራል፤ የቡሬ ሰው ግን በርበሬ መድረሱን ያውቃል። በየግቢው ሸራ ላይ የተሰጣው ዛላ ፀሐይ ሲመታው የሚወጣው ሽታ አፍንጫ ይኮረኩራል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ዓይን ያስለቅሳል። እኔን ደግሞ ይዞኝ የሚሄደው አሥራ አንድ ዓመቴ ወደነበረበት ጊዜ ነው። ያ ዓመት ወንድሜ ጉልበቱን የተጎዳበት፣ የሰፈራችን ሴቶች ደግሞ በዓይናቸው አይተውት ለማያውቁት የአርጀንቲና አጥቂ ስም እየጠሩ የጸለዩበት ዓመት ነው።

ይህን ሳወራ የሚስቅ አይጠፋም። ይሳቅ፤ እኔም ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ። ያኔ ግን አልሳቅሁም። ነገሩን ሁሉ የጀመርሁት እኔ ነበርሁና።

እናቴ በርበሬ ነጋዴ ነበረች። በሽንዲ በኩል ያሉ ገበሬዎች በአህያ ጭነው ያመጡላታል፣ እሷ ታስለቅማለች፣ ታስቀነጥሳለች፣ ከዚያ አባቴ በሚነዳው የጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ወቅቱ ሲደርስ ሳሎናችን ሳሎንነቱ ይቀራል። ወንበሮቹ ተነባብረው ጥግ ይይዛሉ፣ መሐል ወለሉ ላይ እስከ ወገቤ የሚደርስ ቀይ ክምር ይቆማል፣ ዙሪያውን ቀንጣሽ ሴቶች ይቀመጣሉ። ሥራው ራሱ የሚከብድ አይደለም፤ ዛላውን ታነሻለሽ፣ ጭራውን ቀንጥሰሽ ትጥያለሽ፣ ቀጣዩን ታነሻለሽ። ከባዱ ዓይንሽን አለማሸት ነው። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ጥዬ ከሴቶቹ አለቃ ከእትዬ የዝና ጎን እቀመጥ ነበር። እትዬ የዝና ጎረቤታችን ናት፤ እጇ ከአፏ ይፈጥናል እንዳልል አፏም ፈጣን ነው፤ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ በእሷ በኩል ነበር የሚያልፈው።

በዚያ ዓመት ግን በቀንጣሾቹ መሐል አንድ ወንድ ተጨመረ። ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል።

ይበልጣል ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። እኔ «ጋሼ» ነበር የምለው። ለቡሬ ቡድን አጥቂ ሆኖ ይጫወታል፤ በተለይ በግንባር ሲገጭ የሚያህለው አልነበረም። ሌላው ዘሎ ሲወርድ እሱ ገና አየር ላይ ነው ይባል ነበር፤ እህቱ ስለሆንሁ አጋነንሽ አትበሉኝ። በጥቅምት መጨረሻ ከባሕር ዳር የመጣ አንድ አሰልጣኝ አይቶት፣ ለሚቀጥለው ዓመት እንደሚፈልገው ነግሮት ሄደ። እናቴ እንኳ ኳስ ስትሰማ ፊቷን የምታጠቁረው ሴትዮ ያን ሰሞን ለገበያተኛው ሁሉ ታወራ ነበር።

በሳምንቱ ቡድኑ ለግጥሚያ ፍኖተ ሰላም ሄደ። እኔም ከደጋፊዎቹ ጋር በመኪና ተጭኜ ሄጃለሁ። ከማዕዘን የተሻማች ኳስ ለመግጨት ዘለለ። ኳሷን አገኛት፤ ሲወርድ ግን በቀኝ እግሩ ብቻ አረፈና ጉልበቱ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ድምፁን እኔ ከዳር ሆኜ የሰማሁ መሰለኝ። እዚያው ሆስፒታል ወሰዱት፤ አባቴም ተጠርቶ ደረሰ። ሐኪሙ በእርጋታ ነገሩን፤ ጅማቱ ተጎድቷል እንጂ ጨርሶ አልተበጠሰም፣ ሁለት ወር ያሳርፈው፣ ከዚያ ጧት ማታ እግሩ ላይ ክብደት አስሮ እያነሣ ጭኑን ካጠነከረ በግማሽ ዓመት ይጫወታል አለ። እኔና አባቴ ይህን ሁሉ ሰማን። ይበልጣል የሰማው «ተጎድቷል» የምትለውን ብቻ ነው።

ሁለት ወሩ ከማለቁ በፊት ደግሞ ልጁ ወደቀ።

ልጁ የምለው አርጀንቲናዊውን ነው። ስሙ ረጅምና ምላስ የሚያስር ስለነበር በእኛ ቤት «ልጁ» ነበር የሚባለው፤ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰውዬ መሆኑን እያወቅን። ይበልጣል ስለ እሱ የተጻፈውን ሁሉ የሚለጥፍበት አንድ ወፍራም ደብተር ነበረው። አባቴ ከአዲስ አበባ ሲመለስ የስፖርት ጋዜጣ ያመጣል፣ እኔ በመቀስ እቆርጣለሁ፣ በዱቄት ሙጫ እለጥፋለሁ፣ ይበልጣል በቀይ እስክሪብቶ ርዕስ ይሰጠዋል። ያን ደብተር ከክፍል መጽሐፌ በላይ አውቀው ነበር።

የመጀመሪያው ገጽ ልጁ ከብት ከሰው በሚበዛበት ሜዳማ ገጠር እንደተወለደ፣ ከትምህርት በፊት በብስክሌት ወተት ያዳርስ እንደነበር ይናገራል። ከተማ ወጥቶ ሲሞከር ቀርፋፋ ነው ብለው ሰደዱት። ጭቃ ሜዳ ላይ በሁለተኛ ዲቪዚዮን ዓመታት ገፋ። ከዚያ አንድ ወቅት ግብ በግብ ሆነና የጣሊያን ቡድን ገዛው። እዚህ ላይ ነው እኔ የደነገጥሁት፤ ሰው ይሸጣል እንዴ? እናቴን በኪሎ ስንት እንደሚሸጥ ብጠይቃት በርበሬሽን ቀንጥሺ አለችኝ። ቀጥሎ ጣሊያኖቹ ለሌላ ቡድን በውሰት ሰጡት። ውሰትማ አውቃለሁ። ወንፊታችን በውሰት እትዬ የዝና ቤት ሄዶ ቀዳዳ ይዞ ነው የተመለሰው። ልጁም ከውሰት ሲመለስ በግንባር ሲገጭ አፍንጫው ተሰብሮ ነበር፤ ብያለሁ አልሁ በሆዴ። ከዚያ ስፔን ገባ። ስፔን ነው ስሙ የገነነው። በአንድ የዋንጫ ፍጻሜ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ፣ በነጭ ፋሻ እንደ ቄስ ጠምጥሞ፣ በዚያው በተፈነከተው ግንባሩ የማሸነፊያውን ግብ አገባ። ፎቶው ላይ ተንበርክኮ ሲያማትብ ይታያል። ቀጥሎ ያለው ገጽ ግን ጨለማ ነው። ለአገሩ ቡድን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ የገዛ አገሩ ሰዎች ማልያውን አቃጠሉት፤ አንድ ዓመት ሙሉ ለጋዜጠኛ አልተናገረም። በዓመቱ እንደገና ማግባት ጀመረ። ይበልጣል ደጋግሞ የሚያነበው ይህንን ገጽ ነበር፤ ርዕሱን «ተመለሰ» ብሎታል።

እንግዲህ ይኸው ልጅ በታኅሣሥ መጀመሪያ እንደ ጋሼ የቀኝ ጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ዜናውን በሬዲዮ አብረን ሰማን። ይበልጣል ሬዲዮውን ዘጋ። ከዚያ ዘመዱም ጎረቤቱም፣ እንቅስቃሴውን ጀምር፣ ጸበል ሂድ፣ እያለ ሲነዘንዘው ለሁሉም አንድ መልስ ሆነለት። «እሱ ከተነሣ እነሣለሁ። እሱ ያ ሁሉ ሐኪም እያለለት ካልተነሣ ግን እኔን ማንም አይነዝንዘኝ» አለ። የንስሐ አባታችን ቄስ አላምረው ሊጠይቁት መጥተው ጸሎት ሊያደርሱለት ሲሉ እንኳ፣ በአክብሮት ነው ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ «አባ፣ የእኔን ስም አይጥሩ» አላቸው። እናቴ ልቧ ስንጥቅ አለ። አባ መስቀላቸውን አሳልመውን ወጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይበልጣል ከሴቶቹ ጋር ተቀምጦ በርበሬ ይቀነጥሳል። አያወራም። ሴቶቹም እሱ ባለበት ጨዋታቸው ጠፋ። ጭኑ ከቀን ወደ ቀን ሲሰልል አያለሁ፤ ሱሪው ሲሰፋው አያለሁ። ሐኪሙ ያለው ሁለት ወር አልፎ ቀኑ እየሄደ ነው። እኔ በአሥራ አንድ ዓመት ጭንቅላቴ አሰብሁበት፤ ነገሩ ግልጽ ነው። ጋሼ እንዲነሣ ልጁ መነሣት አለበት። ልጁ እንዲነሣ ደግሞ የሚጸልይለት ሰው ያስፈልገዋል።

ቄስ አላምረው ቤት ሄድሁ። ከቅዳሴ ተመልሰው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። መስቀል ተሳለምሁና አንድ ሰው ታሟልና ይጸልዩለት አልኋቸው። ማን ነው ሲሉኝ የጋሼ ወዳጅ ነው፣ ውጭ አገር ነው ያለው፣ እግሩን ነው አልሁ። ውሸት አይደለም፤ ሙሉው እውነት ግን እንዳልሆነ ጆሮዬ እስኪግል አውቀዋለሁ። አባ ራሳቸውን ነቀነቁና ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ።

«የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

ክው አልሁ። ለካ ያለ ክርስትና ስም አይሆንም! ጸሎቱ የሚደርሰው በዚያ ስም ነው። የጋዜጣ ስሙን ብነግራቸው ወዲያው ፈረንጅ መሆኑ ይታወቃል። አላውቅም፣ ግን የተወለደበትን ቀን አውቃለሁ አልሁና ቤት ሮጬ ደብተሩ ላይ ያለውን የፈረንጅ ቀን በእጄ ጽፌ አመጣሁ። አባ ወረቀቷን አራቁ፣ አቀረቡ፣ በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ ወደ እኛ ቀን መለሱት። በሚካኤል ዕለት ነው የተወለደው። ስሙ እስኪታወቅ ድረስ ገብረ ሚካኤል እያልን እንጠራዋለን አሉ። ደስታዬ ወደር አልነበረውም። በየወሩ ለሚካኤል ጧፍ አመጣለሁ ብዬ ተሳልሁ።

እኔ ነገሩ በእኔና በአባ መሐል የሚቀር መስሎኝ ነበር። አባ ግን ነገሩን ከልባቸው ይዘውት ለሚካኤል ማኅበርተኞችም አሳሰቡ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴዋ፣ ደግሞ ማን ናት? እትዬ የዝና። በጥር ማኅበር ማግሥት ቅንጠሳ ላይ ቁጭ ብዬ ወሬውን ስሰማ ጉድ ፈላ አልሁ። በእትዬ የዝና አፍ ገብረ ሚካኤል የሽንዲ ልጅ ሆኗል፤ ዐረብ አገር ሕንጻ ሲሠራ ከፎቅ ወድቋል፤ ለእናቱ አንድ ነው። ሁለት ሴቶች አለቀሱ። በርበሬም ስላለ ማልቀስ ከጀመሩ በኋላ ማቆም አልቻሉም። ይበልጣል ምን እንደሚያወሩ አልገባውም። እኔ አንገቴን ቀብሬ ዛላ ስቀነጥስ ጣቴን ቀነጠስሁት።

በዚያው ሳምንት አባ ራሳቸው ቤታችን መጡ። ገና ሳይቀመጡ ይበልጣልን፣ ወዳጅህ ገብረ ሚካኤል እንዴት ሆነልህ አሉት። ይበልጣል የትኛው ገብረ ሚካኤል አለ። አባ እኔን አዩኝ። እናቴ እኔን አየችኝ። እትዬ የዝናም እጇን አቁማ አየችኝ፤ የእትዬ የዝና እጅ ሲቆም ያን ቀን ነው ያየሁት። ምን ማድረግ ይቻላል፤ እየተንተባተብሁ ተናዘዝሁ። ገብረ ሚካኤል ልጁ ነው። አርጀንቲናዊው። ኳስ ተጫዋቹ።

ከዚያ አንድ የታፈነ ድምፅ ሰማሁ፤ ይበልጣል ነው። ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አቃተው። ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ሲስቅ በርበሬው ትን አለው፣ ሳለ፣ እንባው ወረደ፣ እንደገና ሳቀ። ከፍኖተ ሰላም ከመጣ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። እናቴ ልትቆጣኝ የከፈተችውን አፏን ዘጋች። እትዬ የዝና ግን አልሳቀችም፤ ፈረንጅ ነው እንዴ ብላ ለራሷ አጉተመተመች፤ ለፎቁና ለዐረብ አገሩ ያፈሰሰችው እንባ ሳይቆጫት አልቀረም። ቆይታ ደግሞ ቀና አለችና፣ «እና ቢሆንስ? እናት የለውም?» አለች።

አባ ደብተሩ ይምጣልኝ አሉ። ወንበር ወረደላቸው። ያን ተንበርክኮ የሚያማትብበትን ፎቶ ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ፋሻውን በጣታቸው ነኩት። ታሪኩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እኔ እያነበብሁላቸው ሰሙ፤ ወተት ማዳረሱን ሲሰሙ ጎሽ አሉ፤ አገሬው ማልያውን ማቃጠሉን ሲሰሙ ከንፈራቸውን መጠጡ። ይጾማሉ ወይ ብለው ጠየቁ፤ ማናችንም አናውቅም። በመጨረሻ ስሙን አንዴ ጠርተናል፣ አሁን ብንተወው እኛ ነን የምናፍረው አሉ። ከዚያ አሁን ምን እያደረገ ነው ብለው ጠየቁኝ። የመጨረሻው ጋዜጣ ላይ ያነበብሁትን ነገርኋቸው፤ ጧት ማታ እግሩ ላይ ክብደት አስሮ ያነሣል። አባ ወደ ይበልጣል ዞሩ።

«እኛ በጸሎት ይዘነዋል፤ እነዚህ እናቶችህ ይሰግዱለታል። ወዳጁ አንተ ነህ። እሱ ጧት ማታ እግሩን ሲያነሣ አንተ ቁጭ ብለህ ታየዋለህ?»

በእኛ አገር ሰው በጭንቅ ሱባኤ ሲገባ ወዳጁ አብሮት ይይዛል፤ ብቻውን አይተወውም። አባ ያቺን ነገር ነው የነኩት። ስለ ይበልጣል ጉልበት አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ የእኔን ስም አይጥሩ ብሏቸዋላ። ይበልጣል መሬት መሬት አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ የሚዛኑን ብረት አምጪ አለኝ።

የእናቴ ሚዛን ባለ ሁለት ኪሎ ብረት ነበረው። በነጠላ ቁራጭ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አሰርንለት። የመጀመሪያ ቀን እግሩ ተንቀጥቅጦ ሦስቴም አልተነሣም፤ ፊቱ ላይ ላብ ችፍ አለ። ሴቶቹ ግን መቁጠር ጀመሩ። እየቀነጠሱ አንድ፣ ሁለት ይላሉ፤ ሲደክመው እትዬ የዝና ለገብረ ሚካኤል አንዲት ጨምርለት ትለዋለች። ገዢ ሲመጣ እናቴ ብረት ፍለጋ ሳሎኑን ታተራምሳለች፤ ይበልጣል እግሩን ዘርግቶ ፍቺው ይላታል። የካቲት ሲገባ ሁለት ኪሎው ቀለለውና ባለ አምስቱን ጠየቀ። እኔ በየወሩ በሚካኤል ጧፌን ይዤ እሄዳለሁ። ጾሙ ገብቶ ነበር፤ ቤታችን ውስጥ ግን ደስታ ደስታ ይሸተኝ ነበር።

በመጋቢት አባቴ ጋዜጣ ይዞ መጣ። እንደልማዴ መቀሴን ይዤ ከፈትሁት። ፎቶው ትልቅ ነው፤ ልጁ ሱፍ ለብሶ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ሁለተኛ ቀዶ ጥገና አልያዘለትም፤ ጫማውን ሰቅሏል፤ ከእንግዲህ አይጫወትም።

ይበልጣል ጓዳ ሆኖ ሲቆጥር ይሰማኛል፤ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ። እሱ ካልተነሣ እኔን ማንም አይነዝንዘኝ ያለው በጆሮዬ ጮኸብኝ። ጋዜጣውን አጥፌ የመጨረሻው ጆንያ ሥር ሸጎጥሁት። ይበልጣል መጥቶ ምን አዲስ ነገር አለ ሲለኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ ልጁ አሸዋ ላይ መሮጥ ጀመረ አልሁት። በጾም መዋሸቴን አውቄዋለሁ። ግን አንዴ ከሮጠ ማቆም አልተቻለም። በሳምንቱ ሣር ላይ ሮጠ። ቀጥሎ ኳስ ነካ። ይበልጣል እየሰማ ራሱን ይነቀንቃል፣ እግሩን ያነሣል። እኔ ግን ምግብ አልበላ አለኝ፤ በር በተንኳኳ ቁጥር የሚነግረው ሰው የመጣ እየመሰለኝ እደነብራለሁ።

ሚያዝያ አሥራ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔና እሱ ብቻችንን የተረፈውን በርበሬ እንቀነጥስ ነበር። ወቅቱ አልቆ ሴቶቹ ቀንሰዋል። ይበልጣል ከሥራው ቀና ሳይል ታዲያ ልጁ ዛሬ አሸዋ ላይ ነው የሮጠው ወይስ ሣር ላይ አለኝ። ድምፁ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር። ቀና ብዬ ባየው ፈገግ ብሏል። እሪ ብዬ አለቀስሁ። በእጄ ዓይኔን ስጠርግ ደግሞ በርበሬው ገባበትና የባሰ ሆነ። ውሃ አምጥቶ ፊቴን አጠበልኝ።

ለካ ያወቀው ከእኔ እኩል ነው። ዜናው የተሰማ ዕለት ጓደኞቹ ዲሽ ቤት አይተው መጥተው ነግረውታል። ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም፣ ለምን አልተውኸውም አልሁት።

«በማግሥቱማ ትቼው ነበር» አለኝ። «አልነሣም ብዬ ተኛሁ። እትዬ የዝና ብረቱን ራሷ ይዛ መጣች። ተነሥ እንጂ፣ ያ ልጅ እኮ ብቻውን ቀረ አለችኝ። ምን ልበላት? ልጁ ኳስ ተወ ልበላት? እፍረት ይዞኝ አነሣሁት። በሦስተኛው ቀንም መጣች። በአራተኛው ቀን እሷ ሳትመጣ አነሣሁት።»

ጭኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ ከግራው እኩል ሆኗል።

«ነገ ሚካኤል ነው። ጧፍሽን ይዘሽ ስትሄጂ ለአባ ንገሪያቸው፤ የእኔንም ስም ይጥሩልኝ።»

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ አባን ጠብቄ ነገርኋቸው። ስሙን ልነግራቸው አላስፈለገም፤ ክርስትና ሲነሣ ያጠመቁት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና አመስግነው ሲያበቁ እኔ የሚከነክነኝን ጠየቅሁ፤ ልጁ ኳስ ስለተወ ገብረ ሚካኤልን ከእንግዲህ አንጠራውም ማለት ነው? አባ እንደ መቆጣት አሉ።

«ለምን ሲባል? ኳስ ተወ እንጂ ሞተ እንዴ? በዚያ እግሩ ገና ስንት ዓመት ይሄድበታል!»

እኔ ለሦስት ሳምንት የተሸከምሁት ነገር ያኔ ነው ከላዬ የወረደው። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ስሞች አንድ ላይ ይጠሩ ነበር፤ የቡሬው ልጅ ቀድሞ፣ የአርጀንቲናው ተከትሎ።

የግንቦት መጨረሻ እሑድ ዕለት ቡሬ ከሽንዲ ጋር ተጫወተ። ሰማዩ ደመና አርግዟል፣ ሜዳው በመጀመሪያው ዝናብ ለስልሷል። ይበልጣል መጀመሪያ ተቀያሪ ሆኖ ተቀመጠ። እናቴ ሥራ አለብኝ ብላ ቀርታለች፤ እኔ ግን ከሜዳው ማዶ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ቆማ ዣንጥላ ስታዞር አይቻታለሁ። ቀንጣሾቹ ሁሉ ነጠላቸውን አደግድገው መጥተዋል። ከመካከላቸው ኳስ አይታ የምታውቅ የለችም፤ እትዬ የዝና ዳኛውን የየትኛው ቡድን ተጫዋች እንደሆነ ስትጠይቀኝ ነበር።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ገባ። አንዴ ሮጠ፣ አንዴ ተገፍቶ ወድቆ ተነሣ፤ ሴቶቹ ሁለቱንም ጊዜ ዳኛውን ረገሙት። እኔ እነዚያን አልፈራኋቸውም። የምፈራውን አውቀው ነበር፤ እሱም እንደሚያውቀው አውቅ ነበር። በልምምድ ላይ እንኳ እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ ለግንባር ኳስ አልዘለለም። ጓደኞቹ ሲያሻሙለት እግሩን ይልካል እንጂ መሬት አይለቅም።

ማዕዘን ምት ተገኘ። ኳሷ ከፍ ብላ መጣች። ሁለቱ የሽንዲ ተከላካዮች ዘለሉ። ከኋላቸው ይበልጣል ሦስት እርምጃ ተንደረደረ፣ ተነሣ፤ እነሱ ሲወርዱ እሱ ገና አየር ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ኳሷን አላየኋትም። ዓይኔ የቀኝ እግሩ ላይ ነበር። መጀመሪያ መሬት የነካው እሱ ነው፤ ያው እግር፣ ብቻውን። ጉልበቱ ትንሽ እጥፍ አለ፣ መልሶ ቀጥ አለ።

ሜዳው ሲጮህ እትዬ የዝና ትከሻዬን ይዛ ናጠችኝ። ገባች ወይ፣ ኳሷ ገባች ወይ ትለኛለች።

«ቆመ» አልኋት። «እትዬ፣ ቆመ።»

እልልታዋን አቀለጠችው።